ለዓይን የሚበጅ ቀለም፦ የኮድ ጽሑፍ በገለምሶ ብርሃን

አማርኛ “ቀለም” በሚለው ቃል ብዙ ነገር ይጠራል። ቀዩና ቢጫው ቀለም ነው፤ ብዕር የሚጠቅሰው ፈሳሽ ቀለም ነው፤ ተማሪ ቤት ተገብቶ የሚቀሰመውም ቀለም ነው። “ቀለም የዘለቀው” ሲባል ግድግዳ ቀቢ ማለት አይደለም። ለገለምሶ የቁርኣን ተማሪ ደግሞ ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው፤ በዐረብኛ ቀለም ብዕሩ ራሱ ነው። ዛሬ በዚያው ከተማ ላፕቶፕ ከፍቶ ኮድ የሚማር ወጣት እነዚህን ፍቺዎች ሁሉ አንድ ስክሪን ላይ ያገኛቸዋል። የሚማረው ነገር በቀለም ተጽፎ፣ በቀለም ተለይቶ ይቀርብለታል። ቀለሙ ካልተነበበ ትምህርቱም አይነበብም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ኮድ የመማርን ነገር ከአዲስ አበባ አውጥቶ የየወረዳው ወሬ አድርጎታል። በምዕራብ ሐረርጌም ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ በዴሳ ጥቁር ስክሪን ላይ በቀለማት የተዥጎረጎረ ጽሑፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ተማሪው የኮድ መጻፊያውን ፕሮግራም እንደጫነ ወዲያው “የትኛውን ገጽታ ልምረጥ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ጓደኛው ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ “ዳርክ ሞድ” (ጨለማ ገጽታ) ይለዋል። ምላሹ እንዲህ መፍጠኑ ጥያቄውን ገደለው እንጂ አልፈታውም። ኮምፒውተርን በጽሑፍ ለሚያዙበት ተርሚናልና ለኮድ ኤዲተር የሚነበብ ቀለም የቱ ነው? በማን ዓይን? በየትኛው ብርሃን? ይህ ዳሰሳ ታሪኩን፣ ስሌቱንና ጥናቶቹን ሰብስቦ በገለምሶ ፀሐይ ሥር ሊመዝናቸው ይሞክራል።

ከብራና ወደ መስታወት

ጽሑፍን በቀለም መለየት ኮምፒውተር ያመጣው ብልሃት አይደለም። የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀለም አሰናድቶ ይቀመጥ ነበር። ጥቁሩ ለሐተታው ነው። ቀዩ ለመነሻው መስመር፣ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለምዕራፉ መለያ ይቆጠባል። በሐረር ብዕረኞች እጅ በተጻፉ ቁርኣኖችም ቀይ ቀለም ከጥቁሩ ጎን ለመለያነት ይገኛል። በሁለቱም ዘንድ ሥርዓቱ አንድ ነው፦ አብዛኛው ገጽ በአንድ ቀለም ይጻፋል፤ ሁለተኛው የሚገባው ዓይን ሊቆም የሚገባው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የብራናው ዳራም ቢሆን ዓይን የሚወጋ ነጭ ሳይሆን ወተት መሳይ ቆዳ ነው።

ኮምፒውተር የተነሣው ከተቃራኒው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ዝነኛው ቪቲ100 ተርሚናል ቀለም የሚባል አያውቅም ነበር፤ በጨለማ መስታወት ላይ የሚያበራ ፊደል ያሳያል። ያኔ ዳራው ጥቁር የሆነው ለውበት አልነበረም። በጥንቱ ጉብ ባለው ስክሪን ኤሌክትሮን የሚያበራው ፊደሉ ያለበትን ነጥብ ብቻ ስለነበር ሥራው ይቀላል፤ ሙሉውን ነጭ ካደረጉት ደግሞ ብርሃኑ ይርገበገባል። ዛሬ ብዙ ወጣት “የእውነተኛ ፕሮግራመር” መለያ አድርጎ የሚይዘው ጥቁር ዳራ የአንድ ያረጀ መሣሪያ ቅሪት ነው።

ቀለም የመጣው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ የወጣው ኢሲኤምኤ-48 የተባለው ደንብ ለተርሚናል ስምንት ቀለማትን አስለመደ፦ 30 ጥቁር፣ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ፣ 35 ወይን ጠጅ፣ 36 ውሃ ሰማያዊ፣ 37 ነጭ። ትልቁ ችግር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ለቀለማቱ ስም ሰጠ እንጂ ልካቸውን አልቆረጠም። “ቢጫ” ምን ያህል ቢጫ እንደሆነ የሚወስነው የስክሪኑ ሠሪ ሆነ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የ16 ቀለም ካርድ ደብዛዛው ቢጫ የሚያምር ስላልነበር በቀለም ሞኒተሩ ውስጥ አረንጓዴው ተቀንሶለት ቡናማ ሆነ። የቡና አገር ሰው በዚህ ፈገግ ማለት ይችላል፤ ፕሮግራመሩ “ቢጫ” ብሎ ያዘዘው ቡና መስሎ ይወጣለታል። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው፤ አንድ ፕሮግራም በሠሪው ማሽን ላይ ጥርት ብሎ የታየውን መልእክት በሌላው ማሽን ላይ ሊሰውረው ይችላል።

ልኩ በቁጥር

“ይነበባል፣ አይነበብም” የሚለውን ክርክር ወደ ቁጥር የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀው ሁለተኛው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ነው። የጽሑፉንና የዳራውን ብርሃን አስልቶ አንዱን ለሌላው ያካፍላል፤ ውጤቱ ኮንትራስት ይባላል። ነጭ በጥቁር ላይ 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው ልክ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1፣ ጠበቅ ላለው ደረጃ ደግሞ 7 ለ1 ነው።

የስሌቱ ሚስጥር ዓይናችን ቀለማትን እኩል አለማየቱ ነው። ከስክሪን ከሚወጣው ብርሃን ውስጥ አረንጓዴው 71.52 በመቶ፣ ቀዩ 21.26 በመቶ፣ ሰማያዊው 7.22 በመቶ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ሰማያዊን በሙሉ ኃይሉ ብናበራው እንኳ በጥቁር ላይ 2.4 ለ1 ብቻ ያመጣል። እዚያው ጥቁር ላይ ቀይ 5.3፣ አረንጓዴ 15.3፣ ቢጫ 19.6 ያስመዘግባሉ። ዳራውን ነጭ ስናደርገው ዓለም ይገለበጣል፦ ሰማያዊ 8.6 ደርሶ ይነግሣል፤ ቀይ 4 ይሆናል፤ አረንጓዴ ወደ 1.4፣ ቢጫ ወደ 1.1 ወርደው ይጠፋሉ። “ጥሩ ቀለም” የሚባል ነገር ለብቻው የለም፤ ያለው ከዳራው ጋር የተስማማ ቀለም ነው።

ይህን ያላወቀ ነባሪ ምርጫ ስንቱን ዓይን አድክሟል። የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ለዓመታት የተጠቀመበት ደማቅ ያልሆነ ሰማያዊ በጥቁር ላይ 1.3 ለ1 ብቻ ነበር፤ በሌላ አነጋገር አይታይም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ቀለማቱን ለዘመኑ ስክሪን ሲያስተካክል ሰማያዊውን ከፍ አደረገው፤ ያም ሆኖ 2.4 አካባቢ ነው የደረሰው። ሊኑክስ ላይ የፋይል ዝርዝር ሲጠራ ማኅደሮቹ በልማድ በሰማያዊ ስለሚወጡ ተማሪው መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር መጨረሻ የሚታየው ይሆናል።

ቀመሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጥቁር ዳራ ላይ ያለን ደብዛዛ ጽሑፍ ከሚገባው በላይ ያደንቃል የሚል ነቀፌታ ቀርቦበታል፤ አንድሩ ሶመርስ የተባለው ባለሙያ የፊደሉን መጠንና ውፍረት፣ እንዲሁም የቱ በየቱ ላይ እንደተቀመጠ የሚቆጥር ኤፒሲኤ የተባለ ሌላ ስሌት አዘጋጅቷል። እስከዚያው ግን 4.5 እንደ ወለል ያገለግላል፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ መጠርጠር አለበት።

ዝነኞቹ ገጽታዎች ሲመዘኑ

ኢታን ሹኖቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሶላራይዝድ በዚህ መስክ በጥንቃቄ ከተቀመሙት አንዱ ነው። 16 ቀለማት አሉት፤ ስምንቱ ለዳራና ለዋና ጽሑፍ፣ ስምንቱ ለመለያ። ጨለማውና ብርሃኑ ገጽታ በተመሳሳይ ቀለማት የሚሠሩ መንትዮች ናቸው። ሆን ብሎ ለዘብ ያለ ነው፤ በጨለማው ዋናው ጽሑፍ 4.75፣ በብርሃኑ 4.13 ይደርሳል። ኮሜንት የሚባለው፣ በኮዱ መካከል ለሰው የሚጻፈው ማብራሪያ፣ ግን በጨለማው 2.8 ብቻ ነው። ዜኖ ሮቻ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ድራኩላ ዋና ጽሑፉን አድምቆ ይጽፋል፤ ኮሜንቱን ግን እሱም 3 አካባቢ ይተወዋል። ቪኤስ ኮድ የተባለው ኤዲተር የቆየ ጨለማ ገጽታ ኮሜንትን በአረንጓዴ ጽፎ 5 ያደርሰዋል፤ ያልፋል።

የገጽታ ሠሪዎች ኮሜንትን የሚያደበዝዙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባለሙያው ኮዱን እንዲያይ፣ ማብራሪያው ወደ ኋላ እንዲል ይፈልጋሉ። ለጀማሪ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለእሱ ኮሜንቱ መምህሩ ነው፤ ኮዱ ገና ያልገባው ነገር ነው። ጀማሪ የሚማርበት ፋይል ውስጥ ማብራሪያውን አደብዝዞ መስጠት መምህሩን በሹክሹክታ እንዲያስተምር ማዘዝ ነው።

ጨለማ ወይስ ብርሃን?

ይህ ጥያቄ ወጣቶችን የቡድን ድጋፍ ያህል ከፍሏል። ጥናቱ ግን ከሚጠበቀው በላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በጀርመን የዱሰልዶርፍ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ዳራ ላይ ለወጣቱም ለአረጋዊውም የተሻለ ንባብ አስገኝቷል። ምክንያቱ የዓይን ብሌን ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ብሌን ይጠባል፤ ሲጠብ ምስሉ ይጠራል። በጨለማ ዳራ ብሌን ይሰፋል፤ በተለይ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ፊደሉ ጠርዙ ላይ ሲፈስ ይታየዋል። በሌላ በኩል ሌሊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ስክሪን ፊት ላይ መብራት እንደ መደገን ነው፤ ያኔ ለጨለማው ገጽታ የሚሟገተው ሰው እውነት አለው።

ገለምሶ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም፤ የቀትር ፀሐይም አናት ላይ ናት። መብራት በሄደ ጊዜ ሰው የሚሠራው በር ላይ ወይም በረንዳ ላይ ወጥቶ ነው። እስቲ እንስላው። ላፕቶፑ ነጩን በ250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ያበራል እንበል። በረንዳው ጥላ ውስጥ 10,000 ሉክስ የቀን ብርሃን ገብቶ የማያንጸባርቀው ስክሪን ከዚያ 2 በመቶውን መልሶ ቢበትን፣ ይህ ወደ ኒት ሲቀየር በጥቁሩም በነጩም ላይ 64 ኒት ያህል ይደረባል። ስለዚህ ጥቁሩ 64፣ ነጩ 314 ይሆናሉ፤ 21 ለ1 የነበረው ታላቅ ልዩነት 5 እንኳ አይሞላም።

አሁን ሶላራይዝድን እዚያ እናውጣው። ቤት ውስጥ 4.75 የነበረው ጨለማው ገጽታ ወደ 1.9 ይወርዳል። 4.13 የነበረው ብርሃኑ ግን 2.7 ላይ ይቆማል። ደረጃቸው ተገለበጠ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ በጥቂቱ የበለጠው በረንዳ ላይ በብዙ ተበለጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቀን ብርሃን በሁለቱም ላይ እኩል ይጨመራል፤ ከዚህ ጎርፍ የሚተርፈው በጽሑፉና በዳራው መካከል የኒት ልዩነቱ ሰፊ የሆነው ነው። በብርሃኑ ገጽታ ልዩነቱ 185 ኒት ያህል ነው፤ በጨለማው 65 ብቻ። ጨለማው ላይ ያለው ኮሜንት ደግሞ 1.45 ይደርሳል፤ እሱን ማንበብ በጭጋግ ውስጥ ሰው መለየት ነው። ስክሪኑ የሚያንጸባርቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ በቀን መስታወት ስለሚሆን ኮዱን ፈልጎ ያጎነበሰው ልጅ የገዛ ፊቱን ያያል።

ስክሪኑ ራሱም ይቆጠራል። በብዙ ርካሽና ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ያለው ቲኤን የተባለው የስክሪን ዓይነት ፊት ለፊት ላለው እንጂ ለጎንና ለታች ተመልካች ቀለሙን አይጠብቅም። ሦስት ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ሲጋራ መካከለኛው የሚያነበውን ቀለም የዳር ተቀማጮቹ አያዩትም። የክፍል ፕሮጀክተርም እንዲሁ ነው፤ ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን አይረጭም፤ የእሱ “ጥቁር” መስኮቱ ያበራው ግድግዳ ነው። መምህር በጠራራ ቀን ጨለማ ገጽታ ሲያሳይ የኋላ ተቀማጮች የሚያዩት የታጠበ ጨርቅ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ሲሠሩ የኖሩት ሰሌዳው እውነትም ጥቁር ስለነበረ ነው።

ስለ ባትሪም አንድ እምነት መታረም አለበት። ጨለማ ገጽታ ባትሪ የሚቆጥበው ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ኦሌድ ስልኮችን ለክተው ብርሃኑ 100 በመቶ ሲሆን ከ39 እስከ 47 በመቶ ቁጠባ አገኙ፤ ሰው በተለምዶ በሚጠቀምበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ብርሃን ላይ ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ሆነ። በተራው ኤልሲዲ ላፕቶፕ ከበስተጀርባ ያለው መብራት ጥቁር ቢያሳይም ነጭ ቢያሳይም ይበራል። መብራት ሲሄድ ባትሪ መቆጠብ የፈለገ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንስ እንጂ በገጽታ ለውጥ አይጽናና።

ቀለሙ ስንት ይሁን?

ዘመናዊ ተርሚናል 16,777,216 ቀለማት ማሳየት ይችላል። መቻሉ ማስፈለጉ አይደለም። ኮድን በቀለም መለየት መረዳትን ይረዳል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም። አድቫይት ሳርካር እ.ኤ.አ. በ2015 በ10 ሰዎች ላይ ባደረገው አነስተኛ ጥናት ቀለሙ ሥራውን አፋጥኗል፤ ጥቅሙ ግን ልምድ እየጨመረ ሲሄድ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና 390 ተማሪዎችን ያሳተፈው የጀርመን ጥናት ደግሞ ጀማሪዎች ጥያቄውን በትክክል በመመለስ ረገድ ከቀለሙ ጉልህ ጥቅም እንዳላገኙ አሳይቷል። ከሁለቱ የምንወስደው ይህ ነው፦ ቀለም ዓይንን ሊመራ ይችላል፤ ያልገባን ነገር ግን አያስረዳም። ስለዚህ ቀለም ሲጨመር ጥያቄው “ያምራል ወይ?” ሳይሆን “ሥራው ምንድን ነው?” መሆን አለበት። አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ፋይል ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገርበት ስብሰባ ነው። የብራናው ጸሐፊ ቀዩን የቆጠበው ይህን አውቆ ነው።

ቀለም ብቻውን መልእክት እንዲሸከም ማድረግም ሌላ ጥፋት ነው። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ የማይለይ ዓይን በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ 8 በመቶ ይደርሳል፤ በሴቶች ግማሽ በመቶ ነው። በእኛም ዘንድ አለ፤ ብዙዎቹ ግን ተመርምረው አያውቁም። ፕሮግራም ሁሉ ደግሞ ስኬትን በአረንጓዴ፣ ስሕተትን በቀይ፣ የተጨመረን በአረንጓዴ፣ የተሰረዘን በቀይ ይጽፋል። መፍትሔው ቀለሙን መሻር ሳይሆን አጋዥ መስጠት ነው፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ “ስሕተት” የሚል ቃል፣ ወይም ከቀይና አረንጓዴ ይልቅ ሰማያዊና ብርቱካናማ። ጃፓናውያኑ ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ ለሁሉም ዓይን የሚለዩ ስምንት ቀለማት አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ “ኖ ከለር” የተባለ ስምምነትም አለ፤ ተጠቃሚው በአንድ ቅንብር ቀለም አልፈልግም ካለ ስምምነቱን የሚያከብሩ ፕሮግራሞች በተራ ጽሑፍ ይመልሱለታል።

የእኛ ፊደል በተርሚናል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለላቲን ፊደል ተለክቶ የተሰፋ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ስሪት ነው፤ ተርሚናል ግን ዛሬም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠባብ ሳጥን ይሰጠዋል። ጨ፣ ሠ፣ ጿ እዚያ ሳጥን ውስጥ ወይ ይጨመቃሉ ወይ ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ሉን ከሊ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት፤ መሐል ከሆነች ካዕብ፣ ታች ከሆነች ሣልስ። ቀጭን ጭረት በስክሪን ላይ ሲሳል ጠርዙ ወደ ግራጫ ስለሚለሰልስ ትክክለኛው ኮንትራስት ስሌቱ ከሚለው ያንሳል። ለላቲን ፊደል በግድ የሚያልፈው 4.5 ለአማርኛ ኮሜንት አይበቃም፤ 7ን ማለም ይሻላል። ማድመቂያ ብሎ ማወፈርም አያዋጣም፤ ወፍራም ጭረት የፊደሉን ቀዳዳ ደፍኖ ቅጥሏን ይውጣታል። ከማወፈር ይልቅ መጠኑን ከፍ ማድረግና በመስመሮች መካከል አየር መተው ይበጃል። በምዕራብ ሐረርጌ ኮሜንቱ በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞም ይጻፋል፤ እዚያም የድምፅ ርዝመትና ጥብቀት በፊደል መደገም ስለሚታወቅ ደብዛዛ ጽሑፍ ላይ አንዱን ፊደል መሳት ቃሉን መሳት ነው።

ፍርዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚዛኑ ወዴት አጋደለ? የገጽታው ስም የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም፤ የተቀመጡበት ብርሃን ነው። ለቀን፣ ለበረንዳ፣ ለፕሮጀክተርና ለጋራ ስክሪን ብርሃኑ ገጽታ ያሸንፋል፤ ንጹሕ ነጭ የከበደው ሰው ብራና የሚመስለውን ለዘብ ያለ ዳራ ይያዝ፤ ጽሑፉን ግን አያደብዝዝ። ለሌሊትና ለጨለማ ክፍል ጨለማው ገጽታ ይገባል፤ ዳራው ጥቁር ግራጫ፣ ሰማያዊው ወደ ሰማይ የነጣ፣ ኮሜንቱ ቢያንስ 4.5 ይሁን። የመለያ ቀለማት አራት ወይም አምስት ይበቃሉ። ዋናው ጽሑፍ፣ ኮሜንት፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍና ስሕተት ከተለዩ የቀረው ጌጥ ነው። የቪኤስ ኮድ ተርሚናል ዝቅተኛውን ኮንትራስት በራሱ የሚጠብቅ ቅንብር አለው፤ ነባሪው ልክ 4.5 ነው፤ ለአማርኛ ወደ 7 ከፍ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስሌቱ ቢሰለችህ የሚከተለውን ፈትን። ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ላፕቶፕህን ወደ ደጅ አውጣ፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ከፋይልህ ውስጥ ረጅሙን ኮሜንት ክፈትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስ። ከጎንህም ሰው አቁም፤ እሱም ከዳር ሆኖ ያንብብ። ሁለታችሁም ሳትጨናበሱ ካነበባችሁ ቀለምህ ደህና ነው። ካልሆነ ቀይረው፤ ጓደኛህ ምንም ይበል።